ትራስ በግርጌ በኩል

አቶ ጀቤሳ ሞተው በተገኙበት ቀን ትራሳቸው በግርጌ በኩል ነበር።

ኢንስፔክተር ዓለምፀሐይ ወደ ክፍሉ እንደገባች መጀመሪያ ያየችው ይህንኑ ነው። አልጋው የድሮ የእንጨት አልጋ ነው፤ በራስጌው በኩል አበባ የተቀረጸበት መደገፊያ አለው። ሟቹ ግን መደገፊያው ወዳለበት ሳይሆን እግር ወደሚዘረጋበት ጫፍ ትራስ ተደርጎላቸው፣ በቀኝ ጎናቸው ተኝተዋል። ጋቢው እስከ ትከሻቸው ተስቧል። ዓይናቸው ተከድኗል። አገጫቸው በነጭ ሻሽ ከአናታቸው ጋር በስሱ ታስሯል። ግንባራቸው ላይ የአንድ ጣት ስፋት ያለው ቁስል አለ፤ ደም ግን የለበትም።

«ታጥቧል» አለች ጎንበስ ብላ።

«ምኑ?» አለ ሳጅን ጃለታ። ወጣት፣ ቁመተ ረጅም፣ የቀጨኔ በር ሁሉ ግንባሩን የሚመታው ሰው ነው።

«ቁስሉ። ፎጣውም ያውልህ።»

እርጥቡ ፎጣ በአራት ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ማስረጃ ለማጥፋት ነዋ፣ ኢንስፔክተር!»

ዓለምፀሐይ ፎጣውን አየችው። ከአራት ዓመት በፊት የሟች ባሏን ፊት እንዲህ ባለ ፎጣ አጥባ፣ ፎጣውን አጥፋ ወንበር ላይ አስቀምጣለች። ማስረጃ የሚያጠፋ ሰው ፎጣ አያጥፍም፤ ይህን ታውቃለች። ለሳጅን ግን እንዴት ብላ ታስረዳዋለች?

ረቡዕ ነው፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ግቢው ውስጥ ጎረቤት ተሰብስቦ ያለቅሳል። ጃለታ በጉልበቱ ተንበርክኮ አልጋው ሥር በስልኩ እያበራ ሦስት ለስላሳ ቅጠሎች አወጣ፤ ገና ወዛቸው ያልጠፋ የጫት ቀንበጦች ናቸው። ከአልጋው አጠገብ ደግሞ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ላስቲክ ላይ አንድ ክብ ምልክት ይታያል፤ ከባድ ነገር አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲቀመጥ የሚሠራው ዓይነት። ከባዱ ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ የለም።

ዓለምፀሐይ ከትራሱ አጠገብ ቁጭ አለችና ሟቹ ፊታቸውን ወዳዞሩበት ተመለከተች። ትይዩ መስኮት አለ። በመስኮቱ ውስጥ እንጦጦ ይታያል።

«ተራራውን እያዩ ሊያርፉ ፈልገው ይሆናል» አለ ጃለታ።

«ይሆናል» አለች፤ ያላመነች መሆኑ ከድምፅዋ ያስታውቃል።

* * *

ሟቹን ያገኘቻቸው ልጃቸው ርሆቦት ነች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የመዋዕለ ሕጻናት አስተማሪ ስትሆን ጠዋት ወጥታ ወደ ማታ ነው የምትመለሰው። ጎረቤቷ ወይዘሮ ሰምሀል ቤት፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት ተቀምጣለች።

«ጫት ይቅሙ ነበር?» አለች ዓለምፀሐይ ሴቶቹ ከወጡላት በኋላ።

«ድሮ። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ድሬዳዋና ጅቡቲ ሲመላለስ ነው የለመደው። ከስድስት ዓመት በፊት ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ ጫትም ቡናም ከልክሎ፣ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቡና እንኳ የለም። እኔም እያለቀስኩ አስማልኩት።»

«ምን ብለው ማሉልሽ?»

ርሆቦት ዓይኗን ጨፈነች። «"መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ይቺን ቅጠል በጥርሴ አልነክሳትም" አለኝ። አባዬ ደግሞ ከማለ አለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላማ የቀሩትን ጥርሶቹን ሁሉ አስነቀለ። ቢፈልግስ በምኑ ይቅማል? ገንፎና ሾርባ ነበር የሚበላው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ላሠራልህ ስለው "ምን ሊያደርግልኝ" እያለ ይስቅብኛል።»

«ታዲያ አልጋው ሥር ያገኘነው ቅጠል...»

«የሌላ ሰው ነው» አለች ርሆቦት። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። የምትለውን ቃል እያየችው፣ መመለስ እንዳቃታት ያስታውቃል። «በዚህ ግቢ ጫት የሚቅመው ኦልያድ ብቻ ነው። ሰርቪሱን ተከራይቶ የሚኖረው።»

«ከአባትሽ ጋር ይግባቡ ነበር?»

«ሊያገባኝ ጠይቆ ነበር። ትናንት ማታ አባዬ "ለጫት ቃሚ ልጄን አልሰጥም!" ብሎ ጮኸበት። እሱም መልሶ ጮኸ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ነኝ አይደል አሁን ያሳሰርኩት?»

ዓለምፀሐይ እጇን ያዘችላት። እውነቱ እንደዚያው ነበር።

* * *

ኦልያድ ከሸጎሌ ፒያሳ ሚኒባስ የሚነዳ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው። ሐሙስ ጠዋት ጣቢያ ውስጥ ከዓለምፀሐይ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ዱካክ ሲጫወትብኝ አደረ» አለ። «ሳልቅም ከዋልኩ እንቅልፌ ላይ ይመጣብኛል። ደረቴ ላይ ቁጭ ብሎ... ትናንት ደግሞ የፋዘርን፣ የአቶ ጀቤሳን መልክ ይዞ ነው የመጣው።»

«ትናንት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የት ነበርክ?» ሐኪሙ በሰውነታቸው ሁኔታ ገምቶ የነገራት የአቶ ጀቤሳ የሞት ሰዓት ይኸው ነው።

«በርጫ ላይ፣ ጫት ስንቅም። ሸጎሌ፣ ሮሃ ቤት። መኪናዬ ጎሚስታ ቤት ስለነበረች ሥራ አልነበረኝም።»

«ምስክር አለህ?»

«አምስት ነን አብረን የቃምነው።»

«አምስታችሁም መርቅናችኋል።»

«እ... ማለቴ፣ አዎ። ለእሱ ነው እኮ የሚቀመጠው።»

ጃለታ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ዓለምፀሐይ ግን ወረቀቷ ላይ እያየች፣ «ከአቶ ጀቤሳ ጋር ቂም ነበራችሁ» አለች።

«ቂም? አቦ፣ እኔ እሳቸውን እንደ አባቴ ነው የማያቸው! አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያናድደኝ፣ ከጠየቁኝ።» ትንሽ አመነታ። «ቆጣቢ ናቸው። ሥራ በሌለኝ ቀን ከሰርቪሱ ሆኜ እሰማለሁ፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዱቅ። ቡና እየተወቀጠ። አንድ ቀን እንኳ "ና ጠጣ" ብለውኝ አያውቁም። ጎረቤት እኮ ነኝ!»

የዓለምፀሐይ እስክሪብቶ ቆመ።

«ቡና ሲቆላ ሸቶህ ያውቃል?»

ኦልያድ አሰበ። እንደገና አሰበ። «እሱስ... ሸቶኝ አያውቅም። መቼም ቡና ሳይቆላ አይወቀጥም።»

«በየትኛው ቀን ነው የሚወቀጠው?»

«ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ርሆቦት በሌለችበት።»

* * *

የሮሃ ቤት ፍራሽ ዙሪያውን የተደረደረበት አንድ ክፍል ነው። መሐሉ ላይ ገራባው፣ ማለት ለስላሳው ተቀንጥቦ የቀረው ጠንካራ ቅጠልና እንጨት፣ ተከምሯል። ገና አምስት ሰዓት ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ከኖህ በቀር ሰው የለም። ኖህ መነጽር ያደረገ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት ነው።

«ኦልያድ አብሮን ነበር» አለ። «ሰባት ሰዓት... አይ፣ ስምንት። ምናልባት ዘጠኝ?»

«ስትመረቅኑ ሰዓት አታዩም እንዴ?» አለ ጃለታ።

«ሳጅን፣ መጀመሪያ ላይ ዝም ነው። ከዚያ ሞቅ ሲል ሁሉም ያወራል፤ ሁሉ ነገር ይቻላል። በመጨረሻ ደግሞ ዝም ብለህ ወለል ታያለህ። በዚያ መሐል ሰዓት የሚባል ነገር...» ድንገት ጭንቅላቱን መታ። «ቆይ! ቃለ ጉባኤው አለ!»

ከፍራሹ ሥር ደብተር አወጣ። ዓለምፀሐይ ተቀብላ አነበበች።

ረቡዕ ከቀኑ 8፡40፤ እንጦጦ ላይ ዓሣ ለማርባት የተቋቋመው አክሲዮን ማኅበር መሥራች ጉባኤ ተከፈተ። የተገኙ አምስት፤ ያልተገኙ የሉም። 9፡10፤ ውሃ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። 9፡25፤ አቶ ኦልያድ በሙሉ ድምፅ የትራንስፖርት ኃላፊ ሆነው ተመረጡ፤ ዓሣው ሳይሞት ፒያሳ እንዲደርስ ሚኒባሱ ውስጥ በርሜል እንደሚገጥሙ ቃል ገቡ። 10፡05፤ ጉባኤው በጭብጨባ ተዘጋ። ከሥሩ አምስት ፊርማ አለ።

«ውሃውን አሁንም አላገኛችሁትም?» አለች ዓለምፀሐይ።

«ገና ነው» አለ ኖህ አንገቱን ደፍቶ።

የቤቱ ባለቤት ሮሃ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷ ራሷ ጫት አፏ ላይ አታደርስም። «ልጁ ከዚያች ፍራሽ አልተነሣም፣ እመቤት። ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ይኼ ፀሐፊ ድምፅ አሰጥቶ ነው የለቀቀው» አለች።

ወደ መኪናው ሲመለሱ ጃለታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ዳኛ ፊት ይዘነው የምንቀርበው ማስረጃ አይደለም። እሷም ደንበኛዋን ነው የምታድነው። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ማቅረብ አለብን፤ ሌላ ሰው ካላገኘን በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ ነው የሚቆመው።»

«አውቃለሁ» አለች ዓለምፀሐይ። አሳቧ ግን ርሆቦት ላይ ነበር። አባቷን አንድ ጊዜ አጥታለች። ነገ ጠዋት ደግሞ የምትወደው ልጅ አባቷን በገደለ ሰው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ነው፤ ያስቀመጠችውም እሷው።

ስልኳ ጮኸ። አስከሬኑን የመረመረው ዶክተር ጉልላት ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ የግንባሩ ቁስል የቆዳ ነው። አጥንቱ ደህና ነው። ሲወድቁ ነው የተመቱት። የገደላቸው ልባቸው ነው።»

«እንዲያው በድንገት?»

«አይደለም። ሆዳቸው ውስጥ ጫት አገኘሁ። ብዙ። የገረመኝ አፋቸው ነው፤ እንጥፍጣፊ የለበትም። ሰው ካለፉ በኋላ አጥቦታል።»

«ዶክተር፣ ጥርስ እኮ የላቸውም።»

«እሱን ልነግርሽ ነው። በድድም ቢሆን የታኘከ አይደለም። እንደ ድልህ ልሟል፤ ስኳርም አለበት። ተወቅጦ ነው። ልዩነቱን ታውቂያለሽ? የሚያኝክ ሰው መንጋጋው ይደክመዋል፤ ጭማቂውን ትንሽ በትንሽ ነው የሚውጠው፣ ሲበዛበትም ሰውነቱ በቃህ ይለዋል። የተወቀጠው ግን በማንኪያ ነው የሚገባው። ቅጠሉም ጭማቂውም አብሮ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ለታመመ ልብ ይኼ ከባድ ነው።»

ዓለምፀሐይ ስልኩን ዘጋች።

«ቡና የማይሸተው ሙቀጫ» አለች። «ለአቶ ጀቤሳ ጫት ይወቀጥላቸው ነበር፣ ጃለታ። የወቀጠችው ሰው ሙቀጫውን ይዛ ሄዳለች። ወለሉ ላይ የቀረው ክብ የሱ ነው።»

«የወቀጠችው? ሴት መሆኗን በምን አወቁ?»

«ሻሹ። ቤታቸው ውስጥ እንዲያ ያለ ሻሽ የለም፤ ርሆቦትን ጠይቄያታለሁ።»

* * *

ለቤቱ የሚቀርበው ጫት መሸጫ ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ያለው ነው። የሱቁን ባለቤት ሰፈሩ እትዬ ሩቅያ ይላቸዋል። ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሴት ናቸው። ጫቱ በኮባ ተጠቅልሎ እርጥብ ጆንያ ለብሷል።

ዓለምፀሐይ ጃለታን መኪናው ጋር ትታው ብቻዋን ገባች። እትዬ ሩቅያ ዱካ ሳቡላት።

«ለአቶ ጀቤሳ ጉዳይ ነው» አለች።

«ነፍሳቸውን ይማር። ደግ ሰው ነበሩ።» እጃቸው ቀንበጥ መቀንጠቡን አላቆመም። «ድሮ ደንበኛዬ ነበሩ። ከተዉ ስድስት ዓመት ሆናቸው።»

«እርስዎ የየት አገር ሰው ነዎት?»

«ሐረር ነው የተወለድኩት። እዚህ ከመጣሁ ሠላሳ አንድ ዓመቴ።»

«በሐረር ጥርስ ያለቀበት ሽማግሌ እንዴት ነው የሚቅመው?»

እጃቸው ለአንድ አፍታ ቆመና ቀጠለ። «ይወቀጥለታል። ውሃ ጠብ ተደርጎ፣ ስኳር ተጨምሮበት። ልጆቹ ናቸው የሚወቅጡለት፤ ወይም ሚስቱ። ነውር የለውም። እንደ ማጉረስ ነው። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ሻይ ያፈላዋል፤ ሻይው ግን ደካማ ነው፣ የሾፌር ሐራራ አያስታግስም።»

«ስኳር ይበዛበታል?»

«እንደ ሰውየው ነው። እሱ ሲበዛበት አይወድም፤ ጉሮሮዬን ያንቀኛል ይላል።»

 አንድ ላዳ ታክሲ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። እትዬ ሩቅያ «እሱ» ማለታቸውን የሰሙት ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ከአንድ ደቂቃ በፊት «እሳቸው» የነበረው የድሮ ደንበኛ፣ አሁን እሱ ሆኗል፤ ያውም «አይወድም» እና «ይላል»፣ ጎረቤት ቤት ደርሶ እንደሚመለስ ሰው።

ዓለምፀሐይ እንዳልሰማች ሆነች። ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፍተው ነበርና።

ከታች ካለው መስጊድ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት አዛን ተሰማ። እትዬ ሩቅያ እንደመዳን ብለው ተነሡ። «ይፍቀዱልኝ፣ ሰላቴን ላድርስ» አሉ። በጀሪካን ውሃ ተጣጥበው፣ የሰላት ጨርቃቸውን ተከናንበው፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ትንሽ ደጃፍ ምንጣፋቸውን ዘረጉ። ዓለምፀሐይ በክፍቱ በር ታያቸዋለች። እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ከፊት ለፊታቸው፣ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ፣ እንጦጦ ነበር።

ያን ጊዜ ትራሱ ገባት።

ለሰላት የሚቆም ሙስሊም ወደዚያ፣ ወደ ቂብላ ነው ፊቱን የሚያዞረው። ነፍሱ የምትወጣ ሰውም በቀኝ ጎኑ ሆኖ ወደዚያው ይዞራል። የአቶ ጀቤሳ አልጋ በተዘረጋበት አኳኋን፣ በቀኝ ጎን ተኝቶ እንጦጦን ለማየት ትራሱ በግርጌ በኩል መሆን አለበት።

እትዬ ሩቅያ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሰላም ብለው ሲጨርሱ፣ ዓለምፀሐይ ከበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አገኟት።

«እትዬ ሩቅያ» አለች በዝግታ፣ «የአቶ ጀቤሳን ትራስ ወደ ግርጌ ያዞሩት እርስዎ ነዎት?»

«ምኑን? ትራሱን?» ግራ ተጋብተው አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው የሰገዱበትን ምንጣፍ፣ ቀጥሎም ተራራውን አዩ። እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ። «ያ ረቢ! ወደ ቂብላ ነው እንዴ ያዞርኩት? ክርስቲያን እኮ ነው!»

እንባቸው ያን ጊዜ መጣ። አብሮት ደግሞ ትንሽ፣ ልትታፈን ያልቻለች ሳቅ። «ቢሰማ ምን እንደሚለኝ! "ሩቅያ፣ በመጨረሻ አሰለምሽኝ አይደል?" ነበር የሚለኝ። እጄ ነው ያደረገው፣ ልጄ። ልቤ እዚያ አልነበረም። እናቴንም ባሌንም እንደዚያ ነው የሸኘሁት።»

* * *

ሙቀጫው አልራቀም። ከጆንያው ጀርባ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ነበር። እትዬ ሩቅያ አምጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጁ መታሰሩን ዛሬ ጠዋት ሰማሁ። ሱቄን ዘግቼ ልመጣ ነበር። እግሬ አልታዘዝ አለኝ እንጂ።»

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ከመጀመሪያው ካልሽማ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። ባሌ ሞቶብኝ ከሐረር ያመጣኝ እሱ ነው፣ በመኪናው። መንገድ ላይ ሰባት ጊዜ ተበላሸችበት፤ ሰባቱንም ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሚስት ነበረችው፤ እኔም አክብሬያት ኖርኩ። እሷ ካረፈች በኋላም ቢሆን የኛ ነገር... ምን ይባላል? ወግ ነው። እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ።»

«መሐላውስ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቃት። እዚህ በር ላይ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር። ጥርሱን ያስነቀለ ዕለት ግን መጣ። አፉ ጥጥ እንደታሸገበት "ሩቅያ፣ ልጄ ያስማለችኝ በጥርሴ ነው። ጥርሴ ሄደ" አለኝ። ሳቅኩ። እንዲህ ያለ ጠበቃ አይቼ አላውቅም። ወቀጥኩለት። ትንሽ ነው፤ ከጭልፋ ጫፍ አይበልጥም። ረቡዕና ዓርብ ጾምህን አልፈታሁብህም ወይ ስለው "ቅጠል የጾም ነው" ይለኛል።»

«ትናንትናስ?»

እትዬ ሩቅያ የሙቀጫውን አፍ በመዳፋቸው ከደኑት።

«ትናንት ሌላ ሰው ሆኖ ነው ያገኘሁት። ማክሰኞ ማታ ልጁ ላይ ጮሆበት እንቅልፍ አልወሰደውም። "እኔ ተወቅጦልኝ እየበላሁ፣ ያን ልጅ በምን አፌ ነው ቃሚ የምለው? ዛሬ ማታ ርሆቦት ስትመጣ ሁሉንም እነግራታለሁ። ስለ ሙቀጫው፣ ስላንቺ። ከዚያ ልጁን ጠርቼ እመርቃቸዋለሁ" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። እሱም ፈርቷል። "ድፍረት እንዲሆነኝ ዛሬ ጨመር አድርጊልኝ" አለ። ጨመርኩለት። እኔ ነኝ የጨመርኩለት።»

ዓለምፀሐይ ወደሳቸው ተጠጋች።

«መጀመሪያ ደህና ነበር። እንዲያውም ለሠርጉ የሚናገረውን ንግግር ያሰማኝ ጀመር። ከዚያ ላብ አጠመቀው። ልቤ ሮጠች ብሎ ለአየር ተነሣ፤ በሩ ጋ ሳይደርስ ወደቀ፣ የአልጋው ጫፍ መታው። ጎትቼ አልጋው ላይ አወጣሁት፤ ከየት ጉልበት እንዳገኘሁ አላህ ያውቃል። ሰው ልጥራ ስለው እጄን ያዘኝና "ሙቀጫውን ውሰጂው" አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይቺ ናት። ሙቀጫውን ውሰጂው።»

«ስለዚህ አፋቸውን አጠቡ።»

«ሊነግራት የነበረው ራሱ ነው። እሱ ካልነገራት እኔ ማን ነኝ? አባቷ ቃሉን እንዳፈረሰ በድኑ እንዲነግራት አልፈለግኩም።» ሙቀጫውን ወደ ዓለምፀሐይ ገፉት። «አሁን እሰሪኝ። ልጁን ግን ልቀቂው።»

ጃለታ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደመጣ አላዩትም። «ኢንስፔክተር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ብዬ ነው የምመዘግበው?»

«የነገሩንን። አንድም ቃል ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። ኃላፊዎቹና ሐኪሙ ያዩታል። እትዬ ሩቅያ፣ ሻሽ ይልበሱና ጣቢያ ድረስ አብረን እንሄዳለን፤ ፈርመው ይመለሳሉ።»

«ሻሼ እኮ...» አሉ። ሻሻቸው የት እንደቀረ ሁለቱም ያውቁታል። ዓለምፀሐይ የአንገት ልብሷን አውልቃ ሰጠቻቸው።

* * *

አቶ ጀቤሳ ዓርብ በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ተቀበሩ። ኦልያድ ሐሙስ ማታውኑ ተፈቶ ነበር፤ ድንኳኑን ሲተክል፣ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ፤ ወደ ርሆቦት ግን አልቀረበም። እሷም ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ዓለምፀሐይ ሁሉንም የነገረቻት አልጋው ባለበት ክፍል ውስጥ፣ በሩን ዘግተው ነው። ርሆቦት እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማች። ስለ ሙቀጫው ስትሰማ አልተቆጣችም። አባቷ ሊመርቃቸው እንደነበር ስትሰማ ብቻ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

ነጠላዋን ስታወርድ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች።

«ጠይቂ።»

«ሐኪሙ ተወቅጦ ነው ብሏል?»

«ብሏል።»

«በጥርሱ አልነከሰም ማለት ነው።»

ዓለምፀሐይ በፖሊስነት ሃያ ስድስት ዓመት ስታገለግል ብዙ ጥያቄ መልሳለች። እንደዚህ ተጠንቅቃ ግን መልሳ አታውቅም።

«አልነከሱም» አለች። «አንድም ቀን።»

ርሆቦት ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ለቅሶውም ተመልሶ ወደ ሳቅ። «ተንኮለኛ!» አለች። «አባዬ፣ አንተ ተንኮለኛ!»

ተነሥታ ወጣች። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ከተቀመጡበት በጣም ርቀው፣ የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ የሰው የአንገት ልብስ የለበሱ ቀጭን ሴት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ርሆቦት አጠገባቸው ደረሰችና እጃቸውን ያዘች። እትዬ ሩቅያ ለመነሣት ሲሞክሩ አልለቀቀቻቸውም፤ ይዛቸው መጥታ ከራሷ ጎን፣ የሟች ሚስት ብትኖር በምትቀመጥበት ቦታ አስቀመጠቻቸው። ጎረቤቶቹ ተያዩ። የጠየቀ ግን የለም። ከዚያ ርሆቦት ቀና አለችና ወንበር ተሸክሞ የቆመውን ኦልያድን በስሙ ጠራችው።

ዓለምፀሐይ ልትሄድ ስትል ቦርሳዋን ክፍሉ ውስጥ መርሳቷን አስታወሰች። ተመልሳ ገባች። አልጋው በአዲስ አንሶላ ተነጥፏል። ትራሱን ግን ያነጠፈው ሰው ወደ ራስጌው አልመለሰውም፤ እዚያው በግርጌ በኩል ነበር። በመስኮቱ ውስጥ የማታ ፀሐይ እንጦጦ ላይ ታበራለች።